ባትሪውን ትቶ ወደ ሐዲድ የዞረው ሰው፦ የጆሹዋ ላየነል ካወን ታሪክ

መጀመሪያ ሁለት ሽቦ ይቆረጣል። ከሐዲዱ ተነስቶ በብረት ጎማዎቿ በኩል ወደ ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያስገቡት ሽቦዎች ናቸው። በእነሱ ምትክ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪና የክብሪት ሳጥን የምታክል የሬዲዮ መቀበያ ይገባሉ። ከዚያ ሪሞቱን ነካ ሲያደርጉት ትንሿ ባቡር ምንም ኤሌክትሪክ በሌለበት ሐዲድ ላይ እየተንደረደረች ትሄዳለች።

በአሜሪካና በአውሮፓ የባቡር ሞዴል የሚሰበስቡ ሰዎች ዛሬ ቅዳሜና እሁዳቸውን በዚህ ነው የሚያሳልፉት። አንዳንዶቹ የድሮ ሎኮሞቲቫቸውን እየፈቱ፣ ሆዱን እየቀየሩ፣ ከሐዲድ ኤሌክትሪክ ነፃ ያወጡታል። አዲስ ቴክኖሎጂ ይመስላል አይደል?

ግን አይደለም። የመጫወቻ ባቡርን በአሜሪካ በየቤቱ ያስገባው ሰው፣ ከ120 ዓመት በፊት ሥራውን የጀመረው በባትሪ ነበር። ከዚያ ባትሪውን ተወው። በሽምግልናው ደግሞ ወደ ሬዲዮ ሞከረ። እሱንም ተወው። ዛሬ ሰዎች የሚገጣጥሙት እሱ የጣላቸውን ሁለቱን ነገሮች ነው።

ሰውየው ጆሹዋ ላየነል ካወን ይባላል። ታሪኩ ደግሞ የመጫወቻ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ኩሽናውን ያናወጠ ልጅ

ካወን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1877 ኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። አባቱ ኮፍያ ሰፊ ነበር። ከዘጠኝ ልጆች ስምንተኛው እሱ ነው። ያኔ የቤተሰቡ ስም ኮኸን ነበር፤ ካወን የሚለውን ስም የያዘው በኋላ ትልቅ ሰው ሆኖ ነው።

ሰባት ዓመት ሲሆነው ከእንጨት ባቡር ጠረበ ይባላል። ጠርቦ ቢተወው ጥሩ። እሱ ግን ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ገጠመበት። ሞተሩ ፈነዳና የቤቱን የግድግዳ ወረቀት አበላሸው። ይህን ታሪክ ሲያወራ የኖረው ራሱ ስለሆነ ትንሽ ጨው ሳይጨመርበት አልቀረም። ያም ሆነ ይህ ልጁ ነገር የሚፈታና የሚገጥም፣ እጁ አርፎ የማይቀመጥ እንደነበረ ጥርጥር የለውም።

ኮሌጅ ገብቶ ነበር፤ አልጨረሰም። ልቡ የነበረው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ዘመኑን አስቡት፤ ኤሌክትሪክ ገና ብርቅ የሆነበት፣ በአሜሪካ እንኳ አብዛኛው ቤት መብራት ያልገባበት ጊዜ ነው። ያኔ ኤሌክትሪክ የሚገባው ወጣት ዛሬ ኮድ መጻፍ እንደሚችል ወጣት ነበር። ዲግሪ ባይኖረውም ሥራ አያጣም።

22 ዓመት ሳይሞላው ለፎቶ አንሺዎች የሚሆን ማቀጣጠያ ሠራ። በዚያን ጊዜ ፍላሽ ማለት ዱቄት ማቃጠል ነበር። የእሱ መሣሪያ በባትሪ ድንጋይ ቀጭን ሽቦ አግሎ ዱቄቱን ያቀጣጥላል። እ.ኤ.አ. በ1899 የፈጠራ መብት አገኘበት። የአሜሪካ ባህር ኃይልም ነገሩን አይቶ ለባህር ፈንጂ ማቀጣጠያ እንዲሠራለት አዘዘው። ከዚህ ትዕዛዝ 12 ሺህ ዶላር እንዳገኘ ይነገራል። ለኮፍያ ሰፊ ልጅ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ሥራው ራሱ በባትሪ የሚሠራ፣ ከርቀት የሚነሳ ነገር ነበር።

ስለ እጅ ባትሪም የሚያወራው ታሪክ ነበረው። የአበባ ማሰሮን የሚያበራ ቱቦ ሠርቼ ሐሳቡን ለኮንራድ ሁበርት ሰጠሁት፤ እሱ በዚህ ሀብታም ሆነ ይል ነበር። ሁበርት በኋላ ኤቨሬዲ በሚል ስም የታወቀውን የባትሪ ኩባንያ የመሠረተው ሰው ነው። ግን የእጅ ባትሪው የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1899 የተመዘገበው በዴቪድ ሚሰል ስም ነው። ካወን ጥሩ ነጋዴ ነበር። ጥሩ ነጋዴ ደግሞ ታሪክ ሲያወራ አንዳንዴ ራሱን መሃል ላይ ያስቀምጣል።

ዕቃው ቀረ፣ ማስታወቂያው ተሸጠ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1900 ካወን ከጓደኛው ከሃሪ ግራንት ጋር ሆኖ ማንሃተን ውስጥ፣ መሪ ስትሪት ላይ አንዲት ትንሽ ኩባንያ ከፈተ። ስሟን ከራሱ የመካከለኛ ስም ወስዶ ላየነል አላት። ምን እንደምትሠራ ግን በደንብ አላወቀም። ቬንቲሌተር ሠራ፤ ሞተሩ ጎበዝ ነው፣ ቬንቲሌተሩ ግን ንፋስ አይሰጥም። ሞተሩ እጁ ላይ ቀረ።

አንድ ቀን የሱቅ ቪትሪን እያየ ሐሳብ መጣለት። የተደረደረ ዕቃ ሰው አያስቆምም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ያስቆማል። ስለዚህ ክዳን የሌለው የእንጨት ሳጥን ወስዶ የቬንቲሌተሩን ሞተር ከሥሩ ገጠመ፣ ጎማ አደረገለት፣ በክብ ሐዲድ ላይ አስቀመጠው። ስሙን ኤሌክትሪክ ኤክስፕረስ አለው። ሎኮሞቲቭ አይመስልም፤ ፉርጎ ብቻ ነው። ዓላማውም መጫወቻ መሆን አልነበረም። ባለሱቁ ሳጥኑ ውስጥ ዕቃውን ጭኖ ቪትሪኑ ውስጥ እንዲያዞረው ነው።

ኃይሉ ከየት ይመጣል? ከባትሪ ድንጋይ። አለዚያም አሲድ ከሞሉ የብርጭቆ ባትሪዎች።

በ1901 አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ቆመ፣ አየ፣ ገባ። ታዲያ የጠየቀው ስለተጫነው ዕቃ አልነበረም፤ ባቡሯ ስንት ናት ነው ያለው። ባለሱቁ ሌላ እንዲሠራለት ላከ። ደግሞ ሌላ። ካወን ያኔ ገባው፤ የሚሸጠው ማስታወቂያው ራሱ ነው።

ባትሪው ለምን ተተወ?

የዚያን ዘመን ባትሪ ድንጋይ ቻርጅ አይደረግም። አንዴ ካለቀ አለቀ፣ ሌላ ይገዛል። ጉልበቱም ትንሽ ነው፤ ባቡሯ ፉርጎ ስትጨምሩባት ትዝላለች። የአሲዱን ባትሪ ደግሞ የትኛዋ እናት ናት ሳሎኗ ውስጥ ከልጆች ጋር የምታስቀምጠው?

በዚያ ላይ የከተማው ቤቶች ቀስ በቀስ መብራት ማስገባት ጀመሩ። ካወን አሰበ፦ ኃይሉ ከግድግዳው እየመጣ ባቡሯ ለምን ባትሪ ትሸከማለች?

እ.ኤ.አ. በ1906 ሦስት መስመር ያለው ሐዲድ ይዞ ወጣ። መሃለኛው ሐዲድ ኤሌክትሪክ ያቀብላል፤ ሁለቱ የዳር ሐዲዶች መልሰው ይወስዳሉ። ትራንስፎርመር ደግሞ የቤቱን ከባድ ኃይል ለልጅ እጅ ወደማያሰጋ ቮልቴጅ ያወርደዋል። ነገሩ ብልህ ነበር። በሁለት መስመር ሐዲድ ቢሆን መንገዱ ዞሮ በራሱ ላይ ሲመለስ ሁለቱ ሽቦዎች ተገናኝተው ኮንታክት ይፈጥራሉ። በሦስቱ ግን ይሄ ችግር የለም። ልጁ እንደፈለገ ይቀጥላል፣ እንደፈለገ ያዞራል።

ከዚህ በኋላ ላየነል ዝም ብሎ አደገ። ፋብሪካው ወደ ኒው ጀርሲ፣ ኧርቪንግተን ሄደ። በ1920ዎቹ በአሜሪካ የመጫወቻ ባቡር ሲነሳ የመጀመሪያው ስም ላየነል ሆነ። ካወን ለተፎካካሪ አይራራም ነበር። በካታሎጎቹ የሌሎችን ባቡር ደካማ፣ ቶሎ የሚሰበር አድርጎ ያሳይ ነበር። አይቭስ የሚባለው አንጋፋ ኩባንያ በ1928 ሲከስር፣ ንብረቱን ከገዙት አንዱ ላየነል ነው።

በማስታወቂያው ደግሞ አንድ ነገር አጥብቆ ይሸጥ ነበር፦ አባትና ልጅ። ካታሎጉን ስትገልጡ አባት ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ከልጁ ጋር ባቡር ሲነዳ ታያላችሁ። የሚሸጠው ብረት ብቻ አይደለም፤ ባቡር ከገዛህ ልጅህ ጓደኛህ ይሆናል የሚል ተስፋም ነው። ይህን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ፉጨቱ፣ ሚኪ ማውስ እና ኪሳራው

በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። ዳቦ ያጣ ሰው ባቡር አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ1934 ላየነል በፍርድ ቤት በተሾሙ ባለአደራዎች እጅ ወደቀ። ካወን 56 ዓመቱ ነው። ከዜሮ የሠራው ነገር ከእጁ ሊወጣ ነው።

በዚያው ዓመት ኩባንያው ሚኪ ማውስና ሚኒ ማውስ በእጅ እየገፉ የሚነዷትን አንዲት ትንሽ የሐዲድ ጋሪ በ1 ዶላር ለገበያ አወጣ። ከ250 ሺህ በላይ ተሸጠች። ጋዜጦች አይጧ ባቡሩን አዳነችው ብለው ጻፉ። እውነቱ ግን የአንድ ዶላር ጋሪ ብቻውን ያን ሁሉ ዕዳ አይሸከምም። በዚያው ሰሞን የወጡ ሌሎች ባቡሮችም አግዘዋል። ብቻ ላየነል በ1935 መጀመሪያ ከባለአደራዎቹ እጅ ወጥቶ በእግሩ ቆመ።

በ1935 ለታሪካችን ቁልፍ የሆነ ነገር ሠሩ፦ ባቡሯ እንድትፏጭ አደረጉ። ቀላል ይመስላል፤ ግን አስቡት። ባቡሯ እየሄደች ነው። ሳትቆም እንድታፏጭ እንዴት ነው የምታዟት? ሽቦ የለም፣ ሬዲዮም የለም።

መልሱ ይሄ ነው። ሐዲዱ ላይ የሚሄደው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ልጁ የፉጨቱን ቁልፍ ሲጫን በዚያ ላይ ትንሽ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይጨመራል። ሞተሩ ልዩነቱን አይቆጥረውም። ከሎኮሞቲቩ ኋላ የምትጎተተው የከሰል ጋሪ ውስጥ ያለች ማብሪያ ግን ቀጥተኛውን ስታገኝ ትነሳና ፉጨቱን ታስጀምራለች። ኃይልና ትዕዛዝ በአንድ ሐዲድ ላይ አብረው ተጓዙ ማለት ነው።

ሬዲዮው፦ ቀድሞ የመጣ ሐሳብ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አሜሪካ በ1942 የብረት መጫወቻ ማምረት አገደች። ላየነል ለባህር ኃይል ኮምፓስና የመርከብ መሣሪያ ሲሠራ ቆየ። በ1943 ገበያውን ላለማጣት የወረቀት ባቡር እስከመሸጥ ደርሷል፤ ቆርጠህ፣ አጥፈህ፣ ራስህ የምትገጥመው።

ጦርነቱ ሲያልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ካወን 69 ዓመት ሊሞላው ሲል ኩባንያው የሚያጨስ ባቡር ይዞ መጣ። ልጆች አበዱ። በዚያው ካታሎግ ግን ሌላ፣ ከዚያም የሚገርም ነገር ነበር፦ በሬዲዮ ሞገድ የሚታዘዝ ባቡር።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ልጁ ፊት ባለቀለም ቁልፎች ያሉት ሳጥን አለ። እያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ አለው። ሎኮሞቲቩና ፉርጎዎቹ ውስጥ ደግሞ ለየራሳቸው ፍሪኩዌንሲ የተቃኙ መቀበያዎች ተቀምጠዋል። አንዱን ቁልፍ ስትጫን ሎኮሞቲቩ አቅጣጫ ይቀይራል። ሌላውን ስትጫን ያፏጫል። ሌላውን ስትጫን አንድ ፉርጎ ብቻውን ይላቀቃል፣ ወይም ጭነቱን ይደፋል። አንዱ ሲታዘዝ ሌላው አይሰማም።

ዓመቱን አስታውሱ፤ 1946 ነው። ትራንዚስተር ገና አልተፈጠረም፤ የተፈጠረው በ1947 ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? አልሄደም። ዋጋው ውድ ነው፣ ነገሩ ስስ ነው፣ ለመጠገንም ያስቸግራል። ከአሥር ዓመቱ ማለቂያ በኋላ ከካታሎግ ወጣ። ደግሞም ሙሉ ነፃነት አልነበረም። ሬዲዮው በአየር ሳይሆን በሐዲዱ ነበር የሚተላለፈው፤ ኃይሉም ከሐዲዱ። ሐዲዱ ከቆሸሸ ሁሉም ይቆማል።

የዛሬዎቹ ምን ያደርጋሉ?

የሐዲድ ኤሌክትሪክ ችግሩ ቆሻሻ ነው። ብረት ይዝጋል፣ አቧራ ይይዛል፣ መገጣጠሚያው ይላላል። ቤት ውስጥ በጨርቅ ይጠረጋል። ግቢ ውስጥ ዝናብና ቅጠል ካለበት ግን ሰውየው ከሚነዳው ይልቅ የሚያጸዳው ይበልጣል።

ባትሪ ግን ሐዲዱን አይለምንም። አብዛኞቹ የሚጠቀሙት የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ስልካችን ውስጥ ያለው ዓይነት። ብዙ ፓወር ባንክና ላፕቶፕ ውስጥ ያለውን ክብ ባትሪ የምታውቁት አላችሁ፤ አንዱ 3.7 ቮልት ነው። ሦስቱ ሲቀጣጠሉ 11.1 ቮልት ይሰጣሉ፤ ብዙ ትንንሽ ሞተር ለማንቀሳቀስ ይበቃል። የሚቀመጠው ከሰል ጋሪዋ ውስጥ ወይም ከኋላ ባለው ፉርጎ ውስጥ ነው። ከባትሪው ቀጥሎ የሬዲዮ መቀበያና የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ቦርድ ይገባል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ በሚሠሩበት።

ሁለት ነገር ግን አይዘለልም። አንደኛ፣ ከጎማው የሚመጡት ሽቦዎች በትክክል መቆረጥ አለባቸው፤ አለዚያ ባትሪውና ሐዲዱ ይገናኙና ዕቃው ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ሊቲየም ቀልድ አያውቅም። ፊውዝ፣ መከላከያ ቦርድና የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል። ከልክ በላይ ከተሞላ ወይም ሽቦው ከተነካካ እሳት ነው።

ካወን በ1901 ይሄ ቢኖረው ሐዲዱን ይመርጥ ነበር? አይመስለኝም። እሱ ባትሪን የተወው ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዘመኑ የሰጠው ባትሪ ደካማ ስለሆነ ነው። ቻርጅ የሚደረግ የሊቲየም ባትሪ ገበያ ላይ የዋለው በ1991 ነው። እሱ ያኔ ከሞተ 26 ዓመት ሆኖታል።

አባትና ልጅ

አሁን ወደ ቀረው እንመለስ።

ላየነል በ1953 ከ32 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። ከፍተኛው ጣሪያ ያ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ልጆች መኪናና አውሮፕላን፣ ቀጥሎም ሮኬት ማለም ጀመሩ። እውነተኛው ባቡር ራሱ ከአሜሪካ መንገደኛ ሕይወት እየወጣ ነበር። በ1957 ለሴት ልጆች ተብሎ ሮዝ ሎኮሞቲቭ ተሠራ። ሴቶቹም አልወደዱትም፤ ባቡር የሚወዱ ሴት ልጆች የሚፈልጉት እውነተኛ የሚመስለውን ነበር።

የካወን ልጅ ሎውረንስ ከ1945 ጀምሮ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ነበር። ወራሹ እሱ ነው ተብሎ ይጠበቃል። ግን በ1959 ካወን አክሲዮኑን ሸጠ። የገዛው ዘመዱ ሮይ ኮን የሚመራው ቡድን ነው፤ የሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ጠበቃ የነበረው ያ ኮን። ኩባንያው ከካወንና ከልጁ እጅ ወጣ።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ለአሜሪካ አባቶች ባቡር ከልጅህ ጋር ያስተሳስርሃል ሲል የኖረ ሰው፣ የራሱን ባቡር ለልጁ ሳያወርስ ቀረ። ልፈርድበት አይደለም። የ82 ዓመት ሰው ነው፣ ደክሞታል፣ ኩባንያውም እየወረደ ነበር። ግን ካታሎጉ ላይ ያለውን ሥዕል ሳስብ ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው።

ካወን እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1965 ፍሎሪዳ፣ ፓልም ቢች ውስጥ በ88 ዓመቱ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ላየነል ከሰረ።

ስሙ ግን አልሞተም። ኩባንያው እጅ በእጅ ሲቀያየር ቆየና በ1990ዎቹ ከባለድርሻዎቹ አንዱ ካናዳዊው ዘፋኝ ኒል ያንግ ሆነ። ያንግ እጅና እግሩን እንደልቡ ማዘዝ የማይችል ልጅ አለው። ልጁ ራሱ ባቡር መንዳት እንዲችል አባትየው ቀለል ያለ መቆጣጠሪያ ማሠራት ጀመረ። ከዚያ ሥራ ጋር ተያይዞ ላየነል በ1994 ገመድ በሌለው ሪሞት የሚታዘዝ ባቡር አወጣ። በ1946 የወደቀው ሐሳብ ተመልሶ መጣ፤ የመለሰውም አንድ አባት ለልጁ ብሎ ነው።

ዛሬ ላየነል ለትንንሽ ልጆች ከሚሸጣቸው ባቡሮች መካከል በባትሪ የሚሠሩ፣ በሪሞት የሚታዘዙ፣ ሐዲዳቸው ፕላስቲክ የሆነ አሉ። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ማስተላለፍም አያስፈልገውም። ካወን የጀመረበት ቦታ ላይ ደረሱ።

እኔ ከዚህ ሰው ሕይወት የምወስደው አንድ ነገር ነው። አንዳንድ ሐሳብ የሚወድቀው ስህተት ሆኖ ሳይሆን የሚገጠምለት ዕቃ ገና ስላልተሠራ ነው። የተውከው ነገር ካለ አትጣለው፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው። ምናልባት የሚጎድለው አንድ ባትሪ ብቻ ይሆናል።

ቤታችሁ የተበላሸ የባትሪ መኪና ወይም ባቡር ፈትታችሁ መልሳችሁ የገጠማችሁ አላችሁ? ምን ገጠማችሁ? ኮሜንት ላይ አጫውቱን።